ምንም ያልታየባቸው ቀናት

በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአርክቲክ ውቅያኖስ ዳር በተቆረቆረችው በኡትኪያግቪክ ከተማ ፀደይ የሚገባው መቼ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን እንደ መላሹ ነው። ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ከአድማስ በታች የሰነበተችው ፀሐይ በጃንዋሪ የመጨረሻው ሳምንት አካባቢ ብቅ ትላለች፤ የዓመቱ ክፉ ብርድ ግን ገና ከፊት አለ። ሥነ ፈለክ ያጠና ሰው ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን የማርች ቀን ይጠቅሳል፤ በዚያ ቀን ባሕሩ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። በኤፕሪል ስኖ በንቲንግ የምትባል፣ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ነጭና ጥቁር ወፍ ትደርሳለች። ወንዶቹ ሴቶቹን በሳምንታት ቀድመው፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ ይመጣሉ፤ ለጎጆ የሚሆን ስንጥቅና ጉድጓድ የሚያገኘው ቀድሞ የደረሰ ስለሆነ። በዚያው ወር ቦውሄድ የተባሉት ግዙፍ ዓሣ ነባሪዎች ከቤሪንግ ባሕር ተነሥተው በከተማዋ ፊት ለፊት ወደ ምሥራቅ ማለፍ ይጀምራሉ። በሜይ አይደር የተባሉት የባሕር ዳክዬዎች በመቶ ሺዎች ይጎርፋሉ፤ ፀሐይም ጨርሶ መጥለቅ ታቆማለች። ያኔም ቢሆን ባሕር ዳሩ በረዶ ነው። ብርሃን ሙቀትን በወራት በሚቀድምበት በዚህ አገር ወቅት የሚለወጥበትን አንድ ቀን ልፈልግ ያለ ሰው ሥራው ውኃ ወቀጣ ይሆንበታል።

ስለዚህ «ፀደይ ገባ» ማለት ፍርድ መስጠት ነው። ፍርድ ደግሞ ማስረጃውን በሙሉ የሰማ ሰው ይፈልጋል። በዓይን የምትታየው ወፏ ነች፤ መምጣቷ ግን አይታይም። መምጣቷን የሚያውቀው ትናንትና ከትናንት ወዲያ በዚያው ቦታ እንዳልነበረች ያረጋገጠ ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ከአውሮፕላን የወረደ እንግዳም ያችኑ ወፍ ያያል፤ ምናልባት የሱ መነጽር ከአገሬው መነጽር ይሻል ይሆናል። እንግዳው ያየው ግን አንዲት ወፍ መኖሯን ነው፤ ወቅት መለወጡን አይደለም። እዚህ ላይ የምሟገትለት ሐሳብ ከዚህ የሚነሣ ነው፦ ስለ ዱር እንስሳትና ስለ ወቅቶች ያለን እውቀት በአብዛኛው የተሠራው አንዳች ነገር በታየባቸው ቀናት አይደለም። የተሠራው ምንም ባልታየባቸው፣ ሰው ግን ቆሞ በጠበቀባቸው ቀናት ነው። መጠበቅ ለማየት የሚከፈል ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማየቱ ዋና አካል ነው።

የኡትኪያግቪክ ኑሮ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የአገሬው የኢኑፒያት ሕዝብ የፀደይ አደን የሚጀምረው ዓሣ ነባሪ ሲታይ አይደለም። አቆስጣ የተባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ በሴቶች እጅ ውኃ በማያስገባ ስፌት ተሰፍቶ ኡሚያክ በተባለው ጀልባ አጽም ላይ የሚወጠረው ገና በክረምቱ ነው። በዘላለም በረዶ ውስጥ የተቆፈረው የሥጋ ማኖሪያ ጓዳ ይጠረጋል፤ ዓሣ ነባሪው ንጹሕ ማረፊያ ይገባዋልና። ወንዶች ተገፋፍቶ በተከመረው በረዶ መካከል በዶማና በመጥረቢያ መንገድ እየከፈቱ፣ የቆመው በረዶ አልቆ ተንቀሳቃሹ ወደሚጀምርበት ጠርዝ ይወጣሉ። ነፋሱ ከየብስ ሲነሣ በሁለቱ መካከል የውኃ መተላለፊያ ይከፈታል፤ ሲዞር ይዘጋል። አዳኞቹ ነጭ ለብሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እዚያ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በመቀመጥ ነው። የነፋሱን አቅጣጫ፣ የጅረቱን ጉልበት፣ የበረዶውን ቀለምና ድምፅ፣ የዳክዬዎቹን ከፍታ ያያሉ። ዓሣ ነባሪ ያልታየበት ቀን ለእነሱ ባዶ ቀን አይደለም፤ ለምን እንዳልታየ ይነጋገሩበታል፤ ያ ንግግር ከዓመት ዓመት ሲጠራቀም ትምህርት ቤት ይሆናል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሥራ መፍታት ሊመስለው ይችላል።

የዚህ ትምህርት ቤት ዋጋ በአደባባይ የተፈተነው በ1977 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን የአላስካ ተወላጆች ለምግባቸው የሚያደርጉትን የቦውሄድ አደን ከለከለ። ምክንያቱ የሚናቅ አልነበረም። የንግድ አዳኞች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ሊያጠፉት ተቃርበው ነበር፤ የቀረውም በጊዜው ግምት ከ2,000 አይበልጥም ነበር። ተወላጆቹ በዚያው ዓመት የራሳቸውን የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን አቋቁመው ተከራከሩ፤ በዲሴምበር በተደረገ ልዩ ስብሰባ ለ1978 ከ12 የማይበልጥ ዓሣ ነባሪ እንዲያወጡ ተፈቀደላቸው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ያለው ከኮታው ይልቅ በክርክሩ ውስጥ ነው። ቆጣሪዎቹ በበረዶው ጠርዝ ከፍ ያለ ክምር ላይ ቆመው የሚያልፈውን ይቆጥሩ ነበር፤ መተላለፊያው ሲዘጋ ዓሣ ነባሪዎቹ ጉዞ ያቆማሉ ብለው ያስቡ ነበር። እንደ ሃሪ ብራወር ያሉ ነባር የአደን መሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር አሉ፦ ቦውሄድ በረዶውን አይፈራም፤ ከሥሩ እየዋኘ፣ በግዙፍ ጭንቅላቱ በረዶውን ከታች ሰብሮ እየተነፈሰ ያልፋል፤ ከዳር ርቆ ዓይን በማይደርስበትም ያልፋል፤ እናንተ የቆጠራችሁት የታያችሁን ነው። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ሃይድሮፎን የተባሉ የድምፅ መቅጃ መሣሪያዎችን ውኃ ውስጥ ዘርግተው ሲያዳምጡ፣ መተላለፊያው በተዘጋበት ጊዜ ሁሉ ዓሣ ነባሪዎቹ እየዘመሩ ሲያልፉ ሰሟቸው። ግምቱ በየቆጠራው ከፍ አለ፤ በ2001 ከ10,000 በላይ፣ በ2011 ከ16,000 በላይ ሆነ። የዚህ ጭማሪ ከፊሉ የአቆጣጠሩ መሻሻል፣ ከፊሉ ደግሞ የእንስሳቱ እውነተኛ መብዛት መሆኑን ሳይናገሩ ማለፍ አግባብ አይሆንም።

አለመታየትና አለመኖር ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ለማወቅ አላስካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ዘመድ የመስቀል ወፍ እንለዋለን። በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ግን በአመዛኙ ከአገር የሚወጡ አይደሉም፤ ወንዱ ለመራቢያው ወራት ያጌጠ ላባ ሲለብስ እናየዋለን፤ ጌጡን አውልቆ እንደ ሴቷ አፈርማ ሲሆን ከአጥራችን ላይ ተቀምጦም አናየውም። ዘመዳችንን የምንወቅስበት ተረት የገዛ ዓይናችን ጉድለት ነው ማለት ነው። ተረቱን ይተው አልልም፤ ያማረ ነውና። ግን አንድ ነገር ያሳያል፤ «የለም» ለማለት መብት ያለው ያንን ነገር በማይታይበት መልኩ ጭምር የሚያውቅ ሰው ነው። የ1977ቱ ቆጣሪዎች ይህ መብት አልነበራቸውም፤ በረዶው ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የሚያውቁት ሌሎች ነበሩ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። ክርክሩን የፈታው የአዳኞቹ ቃል ሳይሆን ሃይድሮፎኑ ነው፤ ታዲያ መሣሪያ ካለ ሰው በረዶ ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው? ዛሬ ሳተላይቱ የበረዶውን መቅለጥ፣ የሣሩን ማቆጥቆጥ ከሰማይ ሆኖ በየቀኑ ይመዘግባል። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ያለ መሣሪያው አዳኞቹ እውነታቸውን ይዘው ይቀሩ ነበር። ሆኖም ሃይድሮፎን በተዘጋ በረዶ ሥር የሚጥለው እዚያ የሚሰማ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ የጠረጠረ ሰው ነው፤ ጥርጣሬው ከመሣሪያው አልመጣም። መሣሪያም ቢሆን የራሱ ግምት አለው። በ2017 ማብቂያ ላይ የአሜሪካ የአየር ንብረት መረጃ ማዕከል ወርኃዊ ዘገባውን ሲያዘጋጅ የኡትኪያግቪክ የሙቀት መጠን ከሠንጠረዡ ጠፍቶ ተገኘ፤ የዚያ ዓመት በሙሉ፣ የ2016ም የመጨረሻ ወራት። ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም። የባሕሩ በረዶ በመሳሳቱ ምክንያት ከተማዋ እጅግ ፈጥና ስለሞቀች፣ ስሕተት እንዲያጣራ የተሠራው የኮምፒዩተር ስሌት «ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ ቁጥሩን አስወጥቶት ነው። ሰዎች አይተው መለሱት። ቁጥር ያለ ግምት አይነበብም፤ ልዩነቱ ግምቱን የሚያርም ሰው በቦታው መኖር አለመኖሩ ላይ ነው።

ስለ ሳተላይቱ ደግሞ ሬድ ኖት የተባለችው የባሕር ዳር ወፍ ታሪክ የተሻለ መልስ ይሰጣል። በሳይቤሪያ ሰሜን፣ በታይሚር ምድር ትፈለፈላለች፤ ክረምቱን በምዕራብ አፍሪካ፣ በሞሪታንያ ዳርቻ ታሳልፋለች። ሳተላይቶች በ33 ዓመታት ውስጥ በታይሚር በረዶው በየዓመቱ በግማሽ ቀን ያህል ቀድሞ እየቀለጠ መምጣቱን አሳይተዋል። መቅለጡ የሚያደርሰውን ግን ከሰማይ ማየት አልተቻለም። ወደ ደቡብ የሚጓዙትን ጫጩቶች በፖላንድ ዳርቻ እየያዙ፣ እየመዘኑና ምንቃራቸውን በእጅ እየለኩ ለዓመታት የመዘገቡ ሰዎች ነበሩ። በ2016 የታተመው ጥናት ሁለቱን መዝገቦች አገናኝቶ በረዶው ቀድሞ በቀለጠባቸው ዓመታት የተፈለፈሉት ጫጩቶች አነስ ያሉና ምንቃራቸው ያጠረ መሆኑን አሳየ። ነፍሳቱ በብዛት የሚገኙበት ጊዜ ጫጩቶቹ ሳይደርሱ ያልፋልና። አጭር ምንቃር ያላት ወፍ ሞሪታንያ ስትደርስ በአሸዋው ውስጥ ጠልቆ የተቀበረውን ዛጎል መድረስ ያቅታታል። በሰሜን ያመለጠ ምግብ በአፍሪካ ረሃብ ሆኖ ይወጣል። ጫጩት የሚለኩት ሰዎች ይህን ልናገኝ ነው ብለው አልጀመሩም፤ መዝገባቸው ለብዙ ዘመን ለምን እንደሚጠቅም በውል ሳይታወቅ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። መጠበቅ ዓይንን ይከፍታል ብለሃል፤ ነገር ግን መጠበቅ ዓይንን ያሳውራልም፤ የጠበቀ ሰው የጠበቀውን ያያል። የመጀመሪያዋን ወፍ ለማየት የጓጓ ሰው ጥላዋን ወፍ ያደርጋታል። ይህ አይካድም። የ1977ቱ ቆጣሪዎችም ቢሆኑ የጠበቁትን ነው ያዩት። እኔ የማቀርበው ልዩነት ሌላ ነው፤ ስሕተቱ ባለቤቱን የሚያስከፍል ግምትና የማያስከፍል ግምት አንድ አይደሉም። ወረቀት ላይ የሚገምት ሰው ቢሳሳት ዕዳው ገብስ ነው። የተሰነጠቀ በረዶ ላይ ድንኳን የተከለ ሰው ግን ሲሳሳት ባሕር ይወስደዋል፤ በ1997 በኡትኪያግቪክ አቅራቢያ ከ100 በላይ አዳኞች የቆሙበት በረዶ ተገንጥሎ ይዟቸው ሄዶ በሄሊኮፕተር ነው የተረፉት። የተካኑ ሰዎች ነበሩ፤ ቢሆንም ተሳሳቱ። ዋናው ነገር ስሕተቱ ሳይሸፋፈን ወዲያው መታወቁ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው አባባላችን እዚያ የዕለት ደንብ ነው።

ዋጋ ያለው ግምት የግድ የሞት ሽረት መሆን የለበትም፤ ጨዋታም ይበቃል። በአላስካ መካከለኛ ክፍል በታናና ወንዝ ዳር ባለችው በኔናና ከተማ በ1917 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች የወንዙ በረዶ የሚሰበርበትን ቀንና ደቂቃ ለመገመት 800 ዶላር አዋጥተው ተወራረዱ። ውርርዱ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቀጥሏል። በወንዙ በረዶ ላይ የእንጨት ምሰሶ ይተከላል፤ ምሰሶው በሽቦ ከዳር ካለ ሰዓት ጋር ይያያዛል፤ በረዶው ሲንቀሳቀስ ሽቦው ሰዓቱን ያቆመዋል። ዘዴው ተራ ነው፤ የፀደይን ምንነት የሚያስረዳ ምንም ፍልስፍና የለበትም። ግን ገንዘብ ስላለበት ማንም ማንንም አያታልልም፤ በየዓመቱም የሚለካው ያው በዚያው መንገድ ነው። በ2001 ሳይንቲስቶች ይህን የቁማር መዝገብ መርምረው በረዶው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአማካይ በ5 ቀን ተኩል ያህል ቀድሞ እየተሰበረ መሆኑን ጻፉ። ቁማርተኞቹ ሳያስቡት የአየር ንብረት ታሪክ ጸሐፊዎች ሆኑ። ቤተ መጻሕፍት ያላቸው ብዙ ተቋማት ያላደረጉትን አድርገዋል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ታዲያ ለመደሰት ብቻ ወፍ የሚያየው መንገደኛ ምን ይሁን? በየፀደዩ ብዙ ሰው ወደ ኖርዌይ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ቫራንገር ይጓዛል፤ ከቫርዶ በጀልባ ትንሽ ተጉዞ የሆርኖያ ደሴት ገደል በባሕር ወፎች ተሸፍኖ ያገኘዋል። እንዲህ ያለውን ሰው መናቅ ቀላል ነው፤ በቤንዚን ጭስ ታግዞ መጥቶ የሚጠፋውን ተፈጥሮ ይመዘግባል ይባላል። ትችቱ ትንሽ እውነት ቢኖረውም ዋናውን ነገር ይስታል። የመንገደኛው ድክመት መምጣቱ አይደለም፤ መዝገቡ ያየውን ብቻ የያዘ መሆኑ ነው። ኪቲዌክ የተባለችውን ትንሽ የባሕር ወፍ እንውሰድ። በኖርዌይ ቁጥሯ ክፉኛ ቀንሶ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ገብታለች፤ ገደሏን እየተወች እንደ ቫርዶና ትሮምሶ ባሉ ከተሞች በሱቅና በመሥሪያ ቤት መስኮት ደፍ ላይ ጎጆ ትሠራለች። ለመንገደኛው ካሜራ ይህ ሲሳይ ነው። ለባለ ሱቁ ግን ሌሊት የማያስተኛ ጩኸትና በየጠዋቱ የሚታጠብ ኩስ ነው፤ በትሮምሶ ወፎቹን ከሕንጻዎቹ ለማራቅ ለብቻቸው ማደሪያ እስከ መሥራት ተደርሷል። የሚገርመው፣ አንድ ፀደይ ኪቲዌኳ ሳትመጣ ብትቀር መጀመሪያ የሚያውቀው ይህ የተማረረው ባለ ሱቅ ነው፤ ምክንያቱም ባይወዳትም ይጠብቃታል። ከዚህ ተነሥቼ የዱር እንስሳትን ማየት ፍቅርን እንደ ቅድመ ሁኔታ የሚጠይቅ ነገር ነው የሚለውን የተለመደ ስብከት እጠራጠራለሁ። አብሮ መኖር ይበቃል፤ ቁጣ ያለበት አብሮ መኖርም ቢሆን። አደንም ለምን ማየት እንደሚባል የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከዚሁ ያገኛል፤ የሚያየው ሰው የዋህ መሆን የለበትም፤ ነገ እዚያው የሚገኝ መሆን አለበት።

የቀረው ተቃውሞ ከሁሉም ይበልጥ ያስጨንቀኛል። እውቀት በተጠራቀመ መጠበቅ ላይ ከቆመ፣ ዓለሙ ራሱ ሲለወጥ ያ ክምችት ሸክም አይሆንም ወይ? የባሕሩ በረዶ ዘግይቶ ይጠጥራል፣ ይሳሳል፤ አባቶች የሚያውቁት የብዙ ዓመት ወፍራም በረዶ ከኡትኪያግቪክ ዳር እየጠፋ ነው። በአሮጌው በረዶ የተማረ ዓይን አዲሱን በረዶ ሊያምን አይችልም። መልሴ ግማሽ መልስ ነው፤ መለወጡን የሚያውቀው የሚደነግጥ ሰው ብቻ ነው፤ ለመደንገጥ ደግሞ የለመደው ነገር ሊኖረው ይገባል። በኔናና መዝገብ ከሁሉም የዘገየው ቀን ሜይ 20 ቀን 2013 ነው፤ ከሁሉም የቀደመው ኤፕሪል 14 ቀን 2019 ነው። ሁለቱ ጫፎች በስድስት ዓመት ውስጥ ተከሰቱ። መዝገብ የሌለው ሰው በመጀመሪያው ዓመት «ሙቀት የሚባለው ውሸት ነው» ይል ነበር፤ በሁለተኛው ደግሞ «ፀደይ አለቀለት»። ከመቶ ዓመት በላይ የጠበቀ መዝገብ ግን ሁለቱንም በየቦታቸው ያስቀምጣል። ድንጋጤ ነገ የት እንደሚረገጥ እንደማይነግር ግን አውቃለሁ፤ ለአዳኙ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው።

ያው 2019 በኡትኪያግቪክም ያልተለመደ ነበር። በፀደይ በበረዶው ጠርዝ ላይ ቆመው ቦውሄዶቹን የቆጠሩት ሰዎች ያገኙት ግምት ወደ 12,500 ዝቅ አለ፤ በኦገስት በአውሮፕላን የተደረገው ቆጠራ ደግሞ 17,000 ገደማ ሰጠ። የበረዶው ቆጠራ ያነሰው ዓሣ ነባሪዎቹ ስለቀነሱ ሳይሆን ብዙዎቹ ከወትሮው ርቀው ስላለፉና የቆጠራው ሁኔታ ስላልተመቸ ነው የሚል ትርጓሜ ተሰጠው። ትርጓሜው ትክክል ይመስለኛል። ሆኖም ትርጓሜውን መስጠት የተቻለው «ከወትሮው» የሚለውን ቃል ለመናገር የሚያስችል ወትሮ ስለነበረ ነው። አውሮፕላኑ ስንት እንዳሉ ይነግራል፤ በየትኛው ጠርዝ፣ በየትኛው ነፋስ፣ ከዳር ምን ያህል ርቀው እንደሚያልፉ የሚነግረው ጠርዙ ላይ የቆመው ነው። በረዶው እየሳሳ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠፋው ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው፤ ዓሣ ነባሪዎቹ ምናልባት ይተርፋሉ፣ ይበዙም ይሆናል። ያኔ ቁጥር ይኖረናል፤ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ወጥቶ «ዛሬ ምንም አላየንም» ብሎ የሚመለስ ሰው ግን አይኖረንም። የቆጠራ ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች ይህን የሚያስገቡበት ዓምድ በሠንጠረዣቸው ላይ እስካሁን የለም።